ያልተደፋው ባልዲ

«ዘገየሽ!» አለች እመቤቲቱ በሩን ከፍታ። ዓይኗ በልቅሶ ስላበጠ የመጣችውን ሴት በወጉ እንኳ አላየቻትም። «ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛ ይመጣል። ደሙ ሳይደርቅ ጀምሪው። መወልወያው ከበሩ ኋላ ነው። ባልዲ ካስፈለገሽ እዚያ ጥግ አንድ አለ፤ ውስጡ ያለውን ድፊና ተጠቀሚበት።»

ሴትዮዋ አልተከራከረችም። አጠር፣ ወፈር ያለች፣ ነጠላ ጫማ የተጫማች፣ በእጇ ፌስታል ያንጠለጠለች ናት፤ ላያት ሰው ሽንኩርት ልትገዛ ወጥታ መንገድ የጠፋባት ትመስላለች። ፌስታሉን ወንበር ላይ አኖረችና ወደ ጥጉ ሄደች። ጎንበስ ብላ ባልዲውን አየችው፤ አሸተተችው፤ ጣቷን ነክራ ከአውራ ጣቷ ጋር አሸችው። ጣቶቿ ተጣብቀው ቀስ ብለው ተላቀቁ። ከዚያ ከመደርደሪያው ሰሃን አንስታ ባልዲውን ከደነችው።

«እመቤቴ፣ እግዜር ያጽናዎት» አለች። «ይህን ባልዲ ከደፋሁት ጣቢያ የታሰረውን ዘበኛም አብሬ እደፋዋለሁ። እኔ መርማሪ ነኝ።»

እመቤቲቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ውይ በሞትኩት! እኔኮ ለጽዳት የምትመጣዋ መስለውኝ… ይቅር ይበሉኝ።»

«ምን ችግር አለው። ለሁለቱም ሥራ የሚከፈለው ያው ነው።»

በፖሊስ ቤት ይህችን ሴት ትልቁም ትንሹም «አክስቴ» ይላታል። ወንጀለኞችም እንዲሁ ይሏታል፤ እነሱ ግን እንዲህ ያለች አክስት ለጠላትም አትስጥ እያሉ ነው።

ክፍሏ የምግብ ቤቱ የመቅመሻ ክፍል ናት። ረጅም ጠረጴዛ፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ግድግዳውን የሞላ የብርጭቆ መደርደሪያ። የቤቱ ጌታ መኪና እየጠበቀ በጠረጴዛው ሥር በአንሶላ ተሸፍኖ ተኝቷል። አክስቴ አንሶላውን ገለጠችው። ለዓመታት እንግዳ እየሳቀ የተቀበለበት ፊት ፊት መሆኑ ቀርቷል። የፊት ጥርሶቹ ረግፈው ግማሾቹ ጉሮሮው ውስጥ ገብተዋል፤ መንጋጋው ወደ አንድ ወገን ዞሯል፤ ግንባሩ ግን ደህና ነው። ደሙ ከጠረጴዛው ልብስ አልፎ ከታችኛው ረድፍ ብርጭቆዎች ላይ ተረጭቷል።

«ያለቀ የደቀቀ ነገር ነው፣ አክስቴ» አለ ከኋላዋ የመጣው የጣቢያው አዛዥ። መድከሟ አሳዝኖት ሳይሆን መምጣቷ ቆርቁሮት ነው። «ዘበኛው መጠጥ ይወዳል። ሊሰርቅ ገባ፣ ጌታው ደረሰበት፣ በመዶሻው ቀጠቀጠው። የበርሜል ውታፍ የሚመታበት የእንጨት መዶሻ ነው፤ በደም እንደ ተነከረ ከዘበኛው አግዳሚ ወንበር ሥር አገኘነው። ራሱም ‹ከውጭ ማንም አልገባም› ብሏል። ማንም ካልገባ ማን ቀረ? እሱ!»

«ፈርሟል?»

«እየፈረመ ነው።»

«ማለት እየተመታ።»

አዛዡ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኛ አይደለንም፤ ሰፈሩ ነው። እኛ ስንደርስ ግማሹን ጨርሰውታል። አሁንም ጣቢያው በር ላይ ድንጋይ ይዘው ቆመዋል። አመሻሽ ላይ ወደ ትልቁ እስር ቤት አሳልፈዋለሁ።»

«በዚያ በር?»

«ሌላ በር የለንማ።»

አክስቴ አንሶላውን መለሰች። ዘበኛው በዚያ በር ከወጣ ፍርድ ቤት ድረስ የሚሄድ ገላ እንደማይኖረው ሁለቱም ያውቃሉ። «እስከ አመሻሽ ከሆነ ይበቃኛል» አለች። «አንድ ነገር ግን ልብ በል። ሌባ የሚመታው ለመሸሽ ነው፤ ያገኘውን ቦታ መትቶ ይሮጣል። ይሄኛው አፉን መታ፤ ደግሞም አፉን መታ። መሸሽ የፈለገ ሰው ሥራ አይደለም። ዝም ማሰኘት የፈለገ ሰው ነው።»

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጠርሙስ ቆመዋል፤ አንዱ ነጣ ያለ፣ ግማሽ የደረሰ፤ ሌላው ቡናማ፣ ተከፍቶ ጥቂት ብቻ የጎደለ። ከመደርደሪያው ደግሞ በሚያብረቀርቁት ብርጭቆዎች መካከል፣ ሠርግ ቤት የሥራ ልብሱን ለብሶ እንደ ገባ ሰው፣ አንድ የቆርቆሮ ኩባያ ተደፍቷል። አክስቴ አነሳችው። ሥሩ እርጥብ ነበር። ለቅሶ የሚደርስ ሰው እንዳያይባት ወደ ፌስታሏ ከተተችው።

አብሳይዋ የዘበኛው ሚስት ናት። ባሏ እንደ ተያዘ ወደ በላይ ቢሮ ሮጣ፣ ደጃፉ ላይ ተንከባልላ፣ አክስቴን ያስላከች እሷ ናት። አሁን ለለቀስተኛ የሚሆን ምግብ እያዘጋጀች ሥጋውን በቢላ ትከትፈዋለች፤ አከታተፏን ያየ ሥጋው አዛዡ እንዳይሆን ይጸልያል።

«ኩባያው የማን ነው?» አለቻት አክስቴ ፌስታሏን ከፍታ።

«ውይ፣ የኔ! ትናንት ከሰዓት በኋላ ጋሼ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ራሱ መጥቶ ወሰደው። ‹ለምን?› ብለው፣ ‹ዓይን የሌለው ብርጭቆ ፈልጌ ነው› ብሎኝ ሄደ። ጋሼ ሲቀልድ አይታወቅም።»

«ባልዲውን መጨረሻ ያጠበው ማን ነው?»

«መትፊያውን? እኔ ነኛ! ማን አለ ሌላ? ትናንት ቀን ላይ ነጩን ቀምሰው ሲያበቁ አጥቤ መለስኩት። ሁሌም እኔ ነኝ። እነሱ ይተፋሉ፣ እኔ እደፋለሁ። አንድም ቀን ባልዲውን ዞር ብሎ ያየው የለም።»

«ባልሽስ መጠጥ ሲቀምስ ይተፋል?»

አብሳይዋ ቢላዋን አቆመች። በዚያ ሁሉ መከራ መሃል ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋ ተከተለው። «የኔ ባል? ይተፋል? ኧረ በሞቴ! ጠብታ መሬት ብትወድቅ መሬቱን ይልሳል እንጂ። እሱ መጠጥ የሚተፋው ሲሞት ነው… ምን አልኩ! አፌን ይቁረጠው።»

«አይቆረጥም፤ ደህና ተናግረሻል። ትናንት በምሳ ሰዓት ምን ነበር?»

«ምን ይኖራል፣ ማዋረድ! ከባሌ ጋር ተጨቃጭቄ ስለነበር በንዴት ሾርባው ላይ ጨው ሁለት ጊዜ ጨመርኩበት። ጋሼ አንድ ማንኪያ ቀምሶ ሳህኑን ገፋው። ታናሽ ወንድሙ፣ ቀማሹ፣ ግን አንዲት ነገር ሳይል ጥርግ አድርጎ ጠጥቶ ‹እጅሽ ይባረክ› አለኝ። ሰው አክባሪ ነው። ጋሼም ማንኪያውን ይዞ ወንድሙን ዝም ብሎ ሲያየው ነበር።»

«ዝም ብሎ?»

«ዝም ብሎ። ሰው ሲሰርቅ እንደሚታይ።»

ሁለቱን ጠርሙሶች ያመጣው ወይን አቅራቢ ሆዱ ከፊቱ የሚቀድም፣ ካልሳቀ ትንፋሹ የሚያጥረው ሰው ነው። ዛሬ አልሳቀም፤ ላቡን ብቻ ይጠርጋል።

«ልጠይቅህ፣ እኔ ከሻይ ሌላ አላውቅም» አለችው አክስቴ። «ለሁለት ጠርሙስ ይህ ሁሉ ስብሰባ ምንድን ነው?»

«እንደ ተራው ወይን ጠጅ አይደለማ፣ እትዬ! ጠንካራ አልኮል የተጨመረበት ነው፤ በትንሽ ብርጭቆ ነው የሚጠጣ። አዲሱ አዳራሽ ሲከፈት ለእንግዳ ከምግብ በፊት የሚቀርበውን ሊመርጡ ነበር። ነጣ ያለው ደረቅ ነው፤ ቀዝቀዝ ተደርጎ ሲጠጣ አፍ ያነቃል፣ ሆድ ይከፍታል። ቡናማው እንደ ማር ነው፤ የሚያምረው ከምግብ በኋላ። እሱን አስቀድመህ ያጠጣኸው እንግዳ ምግቡ ሲመጣ ‹ጠገብኩ› ብሎ ይቀመጥብሃል። ሟቹም ቀን ላይ ‹ጣፋጩ አይከፈትም› ብሎ ከለከለ።»

«አሁን ግን ተከፍቷል።»

«እኔም ሳየው ገረመኝ። እኔ ስወጣ ታሽጎ ነበር። በር ድረስ ሸኝቶኝ ‹መልሱን ነገ እነግርሃለሁ፤ ዛሬ አንድ ነገር ላረጋግጥ› አለኝ። ከዚያ ነገም ቀረ፣ እሱም ቀረ።»

«እዚህ ቤት ሲቀምስ የሚተፋ ማን ነው?»

«እኔና ቀማሹ። ሙያችን ነው፤ የቀመስነውን ሁሉ ብንውጥ ቤታችን የምንገባው በሸክም ነበር። ሟቹ ግን ‹የገዛሁትን አልተፋም› እያለ ይውጥ ነበር። እመቤቲቱ ጭራሽ አትቀምስም።» ይህን ካለ በኋላ የተናገረው ነገር ዞሮ ደረሰበትና ፊቱ አመድ መሰለ። «እትዬ… እኔ ልጆች አሉኝ።»

«በዝምድና ከሆነ ቀማሹም ወንድም ነበረው» አለች አክስቴ።

ቀማሹ በወንድሙ ቢሮ ተቀምጦ ነበር። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ጥፍሩ ሳይቀር የተሞረደ። በከተማው ያሉ ትልልቅ ቤቶች መጠጥ ከመግዛታቸው በፊት እሱን ይጠሩታል፤ «ይሁን» ካለ ይገዛል፣ አፍንጫውን ከነፋ ይመለሳል። እመቤቲቱ እንደ ነገረቻት ደግሞ በክረምቱ ከባድ ትኩሳት ጥሎት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከስቷል፣ ሳቁም ጠፍቷል።

«ገና ሳይጨልም ቤቴ ገባሁ» አለ። «ብቻውን ትቼው ባልሄድ ኖሮ…» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

አክስቴ ከመቅመሻው ክፍል ያመጣችውን ነጩን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። «ለመሆኑ ይሄ ምን ይመስላል? እኔ መሃይም ነኝ፤ አስረዳኝ።»

ቀማሹ እንባውን ጠረገና ቀና አለ። «ይህ የለውዝ ጠረን አለው፤ የአረንጓዴ ፖምም። መጨረሻው ላይ ጨው ጨው የሚል…» ሲናገር የሚያምር ነው፤ ድምፁም የተገራ። ዓይኑ ግን ከጠርሙሱ ጀርባ ከተለጠፈው ጽሑፍ ላይ አልተነሳም። አንድ ቃል የጠፋበት ጠርሙሱን አክስቴ ስታዞርበት ብቻ ነው።

«አመሰግናለሁ» አለችው። «እንዳነበብክልኝ ነው የምቆጥረው።»

አመሻሽ ላይ ሁሉም በአዳራሹ ተሰበሰቡ፤ እመቤቲቱ በጥቁር ልብሷ፣ ቀማሹ፣ አቅራቢው፣ አብሳይዋ፣ አዛዡ። ዘበኛውን ሁለት ፖሊሶች የፖሊስ ካፖርት አልብሰው፣ ደግፈው አምጥተውታል፤ ድንጋይ የያዙት ሰዎች ዘግይተው ቢነቁም ተከትለው ደጁ ላይ ቆመዋል። አንድ ዓይኑ ተደፍኗል፤ ከንፈሩ ተተርትሯል፤ ጣቶቹ በድንጋይ ተቀጥቅጠው እንደ በሰለ ፍሬ አብጠዋል። ሚስቱ ስታየው ወደ አዛዡ አንድ እርምጃ ሄደች፤ አክስቴ ክንዷን ይዛ መለሰቻት።

ጠረጴዛው ላይ አምስት የቆርቆሮ ኩባያዎች ክዳን ለብሰው ተደርድረዋል። ከጎናቸው ነጩ ጠርሙስና ያ ባልዲ፣ ውስጡ የነበረው ለማስረጃ ከተቀዳ በኋላ ታጥቦ።

«ለቅሶ ቤት መሆኑን አልረሳሁም» አለች አክስቴ። «ግን ሟቹ አንድ ሥራ ጀምሮ አልጨረሰም፤ ከምግብ በፊት የሚቀርበውን አልመረጠም። ለሱ ስንል እንምረጥለት። ሙያተኛ ይቅደም።»

ቀማሹ ኩባያውን ተቀበለ። ክዳኑን አነሳ፤ አዳራሹ ጨለምለም ስላለ የሚታይ ቀለም የለም። ኩባያውን አዟዟረው፣ አሸተተው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጎንጨት አለ። በአፉ አንገላታው፤ ወደ ባልዲው ዘንበል ብሎ ተፋው።

«ነጩ ነው» አለ በረጋ ድምፅ። «ደረቅ፣ ጥርት ያለ። ከምግብ በፊት ከዚህ የተሻለ አይገኝም።»

«በሉ እናንተም» አለች አክስቴ።

አዛዡ የሙያተኛ ቃል ሰምቶ ሙሉ ጉንጭ ወሰደ። ዓይኑ ፈጦ ወጣ። አቅራቢው ደግሞ ባልዲው ጋ እንኳ አልደረሰም፤ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ረጨው። «ምንድን ነው ይሄ! ቀዝቃዛ ሻይ! ጨው የፈላበት ሻይ!»

«ሆምጣጤም አለበት» አለች አብሳይዋ። «እንዳዘዙኝ ነው የሠራሁት።»

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ወደ ቀማሹ ዞሩ። ኩባያው በእጁ ነበር።

«ከባልዲው ልጀምር» አለች አክስቴ። «ትናንት ቀን ታጥቦ ነበር። ጠዋት ግን ቡናማውን ወይን አገኘሁበት፤ ጣቴን እንደ ማር ያጣበቀኝ። ቡናማው ቀን ላይ አልተከፈተም። ስለዚህ ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ጣፋጩን በአፉ ይዞ ተፍቷል። ዘበኛው ነው እንዳንል የዚህን ሰው አመል ታውቃላችሁ።»

«አይተፋም» አለ አዛዡ ሳይታወቀው፤ አፉን በመሀረብ እየጠረገ።

«ሟቹ ይውጣል፤ እመቤቲቱ አትቀምስም። የሚተፉ ሁለት ናቸው። ቀጥሎ ኩባያው። በብርጭቆ በተሞላ ክፍል በቆርቆሮ የሚጠጣ ማን ነው? ቀለሙን እንዳያይ የተፈለገ ሰው። ‹ዓይን የሌለው ብርጭቆ› አለ ሟቹ። ምላስን ብቻውን ሊፈትን ፈለገ። የማንን ምላስ? በምሳ ሰዓት ሁለት እጅ ጨው ያለበት ሾርባ ጠጥቶ ‹እጅሽ ይባረክ› ያለውን ሰው።» ወደ ቀማሹ ዞረች። «ትኩሳቱ ምላስህንም አፍንጫህንም ገደለብህ። በቀለምና በጽሑፍ ስትኖር ከረምክ። ወንድምህ ጨለማ ኩባያ ሰጠህና ማሩን ‹ደረቅ› አልከው። እሱም ሳይስቅብህ አልቀረም። ስለዚህ ነው የመታኸው አፉን። ዘበኛው ‹ከውጭ ማንም አልገባም› ያለው እውነቱን ነው፤ አንተ አልወጣህም ነበር። ኩባያውን አጠብክ፣ ስትወጣ መዶሻውን ጠጥቶ በተኛው ዘበኛ ወንበር ሥር ጣልክ። ባልዲውን ግን ረሳኸው፤ በዕድሜህ ሙሉ ሌላ ሰው ሲደፋልህ ኖረህ ባልዲ እንደሚደፋ አታውቅም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እዚህ ቤት ያወጣው ባልዲ ነው። ደሙ ብርጭቆዎቹ ድረስ ከተረጨ ሸሚዝህም አልተረፈም፤ ሰዎቼ ጓሮህን እየቆፈሩ ነው።»

ቀማሹ ኩባያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ቀጥሎ የሆነው ግን ቀስ ብሎ አልነበረም። ነጩን ጠርሙስ ከጠረጴዛው ጠርዝ አጋጭቶ ሰበረው፤ የወንድሙን ሚስት በፀጉሯ ስቦ የተሰበረውን አንገቷ ላይ ደገነ። ቆዳዋ ተሰነጠቀ፤ ደሙ በጥቁሩ ልብስ ላይ ሳይታይ ወረደ።

«መንገድ ልቀቁ!»

«አንተ… ያሳደግኩህ!» አለች እመቤቲቱ።

አዛዡ ሽጉጡን ሊያወጣ ቀበቶው ላይ ሲታገል፣ አብሳይዋ ከወጥ ቤቱ በር በኩል ከኋላው መጣች። መጥበሻ ይዛ ነበር፤ ከባዱን፣ የብረቱን። ያ ሁሉ ንዴት ትናንት በጨው አልወጣላትም ነበር። የእጁ አንጓ ሲሰበር ድምፁ አዳራሹን ሞላው። ጠርሙሱ ወደቀ። ሁለተኛውን ጉልበቱ ላይ፣ ሦስተኛውን ትከሻው ላይ ደገመችለት። አራተኛውን አክስቴ ያዘችባት።

«ይበቃል፤ የሚጠየቅበት አፍ ይተርፈው።»

ቀማሹ ወለሉ ላይ ተጠቅልሎ፣ በተሰበረ ብርጭቆና በራሱ ደም መሃል፣ እንደ ልጅ አነባ። «ከክረምት ወዲህ ሁሉም ውሃ ነው» አለ። «ዳቦው ጭቃ፣ ሥጋው ጭቃ። ለማን ልናገር? ምላስ የሌለው ቀማሽ ምን ይባላል? እሱ ግን ሳቀ። ‹ነገ በየቤቱ እነግርልሃለሁ› እያለ ሳቀ። ተው አልኩት። ዝም በል አልኩት…»

ፖሊሶቹ አንስተው አወጡት፤ ድንጋይ ይዘው የቆሙት ሰዎች እንዳያገኙት አክስቴ በወጥ ቤቱ በር በኩል አስወጣችው። አብሳይዋም መጥበሻዋን ጥላ በእመቤቲቱ አንገት ላይ ጨርቅ ጠመጠመች።

አዛዡ የዘበኛውን ካቴና ራሱ ፈታ፤ ጣቶቹ ስላበጡ ጊዜ ፈጀ።

«እንግዲህ… ሥራ ነው» አለ አዛዡ በመጨረሻ። «ስህተት አይጠፋም። በኔ ሒሳብ አንድ ጠጣ፤ ደም ይተካል።»

አቅራቢውም እፎይ ብሎ ትንፋሹ ስለተመለሰለት ተንደርድሮ ከሣጥኑ ሁለት አዲስ ጠርሙስ አወጣ፤ ነጩንና ቡናማውን። «እውነቱን ነው! የትኛውን ልቅዳልህ ወንድሜ? ደረቁን ወይስ ጣፋጩን?»

ዘበኛው በአንድ ዓይኑ ሁለቱን ጠርሙሶች አየ፤ ከዚያ ባልዲውን፤ ከዚያ መልሶ አዛዡን።

«የማይተፋውን» አለ።